ምንጭ የበዛበት ርዕስ

በሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ወራት በደረሰ ቍጥር፥ ተማሪው አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «ብዙ ምንጭ የሚገኝበትን ምረጥ» የሚል ነው፤ ምክሩ በቅን ልቡና የሚሰጥ ቢሆንም፥ በንግድ ሕግ ጥናት ላይ ያደረሰው ጉዳት ከፍ ያለ ስለ ሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

ምክሩን የተቀበለ ተማሪ ወዴት እንደሚያመራ የታወቀ ነው። መጻሕፍቱ በብዛት የተጻፉት ስለ እንግሊዝና ስለ አሜሪካ ኩባንያዎች አስተዳደር በመሆኑ፥ እርሱም ስለ ዲሬክተሮች ኃላፊነት ወይም ስለ አናሳ ባለአክሲዮኖች መብት ይጽፋል፤ በአሜሪካ ያለችውን የዴላዌር ግዛት ዳኞች ሐተታ በሰፊው ከተረከ በኋላ፥ የአገሩን ሕግ በመጨረሻው ምዕራፍ ጥቂት ነካ አድርጎ «ክፍተት አለበትና ይሻሻል» በማለት ይፈጽማል። ክፍተቱ ማንን እንደ ጎዳ፥ በየትኛው ችሎት ክርክር እንደ ተነሣበት፥ ዳኛውም ምን ብሎ እንደ ፈረደ ግን በጽሑፉ ውስጥ አይገኝም።

ሳይመረመር የቀረውን ነገር ለማሳየት ቼክን ብቻ ልጥቀስ። ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ኤስካራ ማርቀቁን ጀምሮት፥ እርሱ ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸመውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ፥ ቼክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል መሆኑን ይደነግጋል፤ ወደ ፊት የሚመጣ ቀን ቢጻፍበት እንኳ፥ ከዚያ ቀን በፊት ለባንክ ከቀረበ በቀረበበት ዕለት ሊከፈል ይገባዋል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 1243 ሲወጣ፥ ስለ ቼክ የሚናገረው የቀድሞው አራተኛ መጽሐፍ ሳይሻር ቀርቶ ዛሬም ይሠራበታል። በገበያው ግን ጅምላ ሻጩ ዕቃውን በዱቤ ሲለቅ ከቸርቻሪው የሚቀበለው ቼክ ከወራት በኋላ የሚደርስ ቀን የተጻፈበት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ቀኑና የገንዘቡ ልክ ባዶ ሆኖ ፊርማ ብቻ ያረፈበት ወረቀት ይሆናል። ሁለቱም ቼኩ ለመተማመኛ መሰጠቱን ያውቃሉ። ዕቃው ሳይሸጥ ሲቀር፥ ወይም ወዳጅነቱ ሲፈርስ፥ ቼኩ ለባንክ ይቀርብና የሚያዝበት ገንዘብ ይታጣል፤ ያን ጊዜ የዱቤው ጉዳይ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ወደ ወንጀል ችሎት ይሻገራል። እንግዲህ ተቀባዩ ራሱ በሒሳቡ ገንዘብ እንደሌለ ዐውቆ የተቀበለው እንደ ሆነ፥ ሰጪው ያታለለው ማንን ነው? የዱቤ ንግድስ በወህኒ ፍርሃት ላይ መቆሙ ለነጋዴው ይበጀዋልን? ሕግንም፥ ልማደ ገበያንም፥ ሥነ ምግባርንም ባንድነት የያዘ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደጃፋችን ላይ እያለ፥ ተማሪውን ወደ ዴላዌር መስደድ ለእኔ ታላቅ ጥፋት ነው።

«ምንጩስ ወዴት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ፥ ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 454 ወዲህ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ሆኖ፥ ውሳኔዎቹ በየቅጹ ታትመው ይገኛሉ፤ የቼክ ክርክርም በውስጣቸው አለ። የሥር ፍርድ ቤቶችን መዝገብ ማግኘት አድካሚ መሆኑን አልክድም፤ በመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ተመላልሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ተማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንታችን ንባቡን ካደላደሉ በኋላ፥ ቃሉ ለማንና በምን ምክንያት እንደ ተነገረ ሳይመረምሩ አያልፉም ነበር፤ የዛሬው የሕግ ደቀ መዝሙር ከዚህ ትጋት የሚያንስበት ምክንያት የለም።

አማካሪ መምህራን ሆይ፥ ተማሪው ርዕሱን ይዞ በቀረበላችሁ ጊዜ፥ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ፥ በጉዳዩ ላይ የተሰጡትን የሰበር ውሳኔዎች አንብቦ፥ ነጋዴዎቹንም ጠይቆ እንዲመለስ እዘዙት፤ ይህን ሳያደርግ የመጣውን ርዕስ አታጽድቁለት።