ኮዲንግ የሌጎ ጨዋታ አይደለም

ስለ ልጆችና ስለ ኮዲንግ በተወራ ቁጥር አንድ አባባል አይጠፋም፤ የፕሮግራም ቋንቋ ማለት ሌጎ የተባለው ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መጫወቻ ነው፣ ቁርጥራጮቹን መገጣጠም የቻለ ልጅ ነገ ፕሮግራመር ይሆናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር ኮዲንግን የየቤቱ ወሬ ካደረገው ወዲህማ አባባሉን የሚጠራጠር ጠፍቷል። ለጆሮ ይጥማል፤ በዋግ ለሚገኙ የሰቆጣና የፃግብጂ ትምህርት ቤቶች ግን ጎጂ ነው። ተገጣጣሚ አሻንጉሊትና የሮቦት ኪት የሌለው ትምህርት ቤት ገና ለኮዲንግ አልደረሰም ያሰኛልና። ከሁሉ በፊት ግን ንጽጽሩ ራሱ ስሕተት ነው።

የአባባሉ ጠበቆች አንድ ቁጥር መጥራት ይወዳሉ። ባለ ስምንት ጉጥ የሆኑ ስድስት የሌጎ ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ከስሌቱ አይወጣም። ከእነዚያ ሁሉ ግጥምጥሞች አንዱም ሰባተኛ ጡብ አይሆንም። ጡብ ከጡብ በምን እንደሚያያዝ የዴንማርኩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ወስኖ ጨርሶታል፤ ለልጁ የተረፈው ቦታና ቀለም መምረጥ ነው። የፕሮግራም ቋንቋ ጉልበት ያለው ሌጎ በሌለው ነገር ላይ ነው። ተጠቃሚው ራሱ አዲስ ጡብ ሠርቶ፣ ስም አውጥቶለት፣ ከነባሮቹ እኩል ያሰልፈዋል።

ለዚህ ከሎጎ የተሻለ ምስክር የለም። ሲሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፎይርዛይግና ሲንቲያ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1967 ለልጆች ያበጁት ይህ ቋንቋ የሚታወቀው መስመር እያሰመረች በምትሄድ ኤሊ ነው። ኤሊዋ ስትጀምር የምታውቀው ‹ወደፊት›፣ ‹ቀኝ›፣ ‹ድገም› የመሳሰሉ ጥቂት ቃላትን ነው። ‹ወደፊት 100፣ ቀኝ 90› ተብላ አራት ጊዜ ከደገመች ካሬ ይወጣል። ሦስት ማዕዘን ሲያምረው ግን ልጁ 60 ብሎ ያዛል፤ ደብተሩ ላይ ያለው የውስጥ ማዕዘን 60 ነውና። ኤሊዋ የባለ ስድስት ጎን ግማሽ ሠርታ ትቆማለች። መዞር ያለባት 120 ዲግሪ መሆኑን ልጁ ሲደርስበት ጂኦሜትሪውን ማንም ሳይነግረው ተማረ ማለት ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ሥራዎች ‹ካሬ› እና ‹ሦስት ማዕዘን› ብሎ ይሰይማቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለኤሊዋ እንደ ‹ወደፊት› ያሉ የታወቁ ቃላት ናቸው። አሁን ቤት ልሥራ ብሎ አንዱን ከሌላው ቢያስከትል ጣሪያው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይሳላል። በመካከል ‹ወደፊት 100፣ ቀኝ 30› ሲጨምርበት ግን ጣሪያው ቦታውን ይይዛል። ‹ቤት›ም በተራው ቃል ሆነ። 100 የሚለውን ቁጥር ‹ጎን› በሚል ተለዋዋጭ ከተካው ያው ቃል ጎጆም አዳራሽም ይሠራለታል፤ ኤሊዋን ፈቀቅ እያደረገ ‹ቤት›ን ከጠራ ደግሞ ‹መንደር› አለው። የሌጎ ቤት ግን ተጨምቆ አንድ ጡብ አይሆንም። መንደር የሚፈልግ ልጅ በየቤቱ ልክ ሌላ ጡብ መግዛት አለበት።

የብሎክ ቋንቋዎችም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ከኤምአይቲ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች ትዕዛዞቹን እንደ ሌጎ የሚገጠሙ ባለ ቀለም ብሎኮች አደረጋቸው፤ ልጁ የራሱን ብሎክ የሚፈጥርበት መንገድ ግን አልነበረውም። የንስ ሞኒግና የበርክሊው ብራያን ሃርቪ ጉድለቱን አይተው የራስን ብሎክ መሥራት የሚያስችል ዝርያ አወጡ፤ ስክራችም እ.ኤ.አ. በ2013 በሁለተኛ እትሙ ይህንኑ ጨመረ። ሌጎን ለመምሰል የተሠራ ቋንቋ እንኳ ቋንቋ ለመሆን ሌጎነቱን ማለፍ ነበረበት። ሌጎ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 በፓፐርት መጽሐፍ ስም ማይንድስቶርምስ ብሎ ያወጣውን የሮቦት ኪት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አቋርጦታል። የፓፐርት ሐሳብ ግን ከፕላስቲክ ጋር አልታሰረምና አብሮ አልቆመም።

‹የዛሬ ፕሮግራመር ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡትን ኮድ፣ ማለትም ላይብረሪ፣ ከመገጣጠም ሌላ ምን ይሠራል?› የሚል አይጠፋም። ላይብረሪዎቹን የጻፋቸው ማን ሆነና? ብሎክ ጀማሪን ከአጻጻፍ ስሕተት ያድነዋል ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፤ ያድነዋል፣ ይህ ግን የመግቢያ በር እንጂ ቤቱ አይደለም።

ማመሳሰሉ ግድ ከሆነ የዋግ እረኛ ልጅ እጅ ላይ ያለው ጭቃ ይሻላል። ከጭቃ በሬ የሚያበጅ ልጅ ቀንዱንም ሻኛውንም የሚወስነው ራሱ ነው። ሊቃውንቱም ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ የኤምአይቲው ጆኤል ሞሰስ ተናገረው በሚባል አነጋገር ኤፒኤል የተባለው ቋንቋ አልማዝ፣ ሊስፕ ደግሞ ጭቃ ነው። አልማዝ ላይ ሌላ ነገር ቢለጠፍበት መልኩ ይበላሻል፤ ጭቃ ግን ቢጨምሩበትም ያው ጭቃ ነው። ሎጎ የተወለደው ከዚሁ ከሊስፕ ነው።

ስለዚህ የፃግብጂ መምህር ኪት እስኪመጣለት አይጠብቅ። ፓፐርት ልጆች ራሳቸው ኤሊ ሆነው እንዲራመዱ ይመክር ነበር። አንዱ ተማሪ ግቢው ውስጥ ኤሊ ሆኖ ይቁም፣ ሌላው በአማርኛ ወይም በኽምጣንጋ ይዘዘው፣ ዱካው አፈሩ ላይ ይታይ። ለፕላስቲክ መግዣ የሚመደብ ብር ካለም ለመምህራን ሥልጠና ይዋል። ለሠራው ነገር ስም አውጥቶ አዲስ ቃል መፍጠር የለመደ ልጅ የትኛውም የፕሮግራም ቋንቋ አይከብደውም።