የሕንድ ወጣት ሠራተኞች ደመወዝና የከተማ ኑሮ ውድነት

በሕንድ አገር አንድን ልጅ አስተምሮ ለዲግሪ ማድረስ የቤተ ሰቡ ኹሉ ሥራ ነው። አባት መሬቱን አስይዞ ወይም ከባንክ ተበድሮ፥ እናት ጌጧን ሸጣ፥ ታናናሾቹም የሚሹትን ትተው ልጁ መሐንዲስ እንዲኾን ይረዱታል። ልጁ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ባንጋሎር፥ ወደ ሃይደራባድ ወይም ወደ ፑኔ ሲኼድ የመንደሩ ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ያን ቤት ችግር አይነካውም ብሎ ይመርቀዋል። በኢትዮጵያም ቢኾን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ሕንዳውያን ስለ ነበሩ፥ የሕንድ የተማረ ሰው በኑሮው የተደላደለ ነው ተብሎ ይታሰባል። ዳሩ ግን ልጁ ከተማ ገብቶ በወር መጨረሻ ከኪሱ የቀረው ሲቈጠር ነገሩ ሌላ ኾኖ ይገኛል።

የነገሩ መነሻ የመዠመሪያው ደመወዝ ነው። በትላልቆቹ የሶፍትዌር ማኅበሮች ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በቀጥታ ለሚገባ መሐንዲስ በ2010 (እዚህ የተነገሩት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ገደማ ይሰጥ የነበረው በዓመት ከ300,000 ሩፒ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ከዐሥር ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላም ከዚያው አልራቀም፤ ከ300,000 እስከ 400,000 ሩፒ መካከል ቆሟል። የገበያው ዋጋ ግን አልቆመም። የሕንድ መንግሥት የዕቃን ዋጋ የሚመዝንበት ቍጥር በ2012 ዓመት 100 ተብሎ ተነሥቶ በ2024 መጨረሻ ከ190 አልፎ ነበር። ስለዚህ በመቶ ሩፒ ይገዛ የነበረው ነገር ባሥራ ኹለት ዓመት ውስጥ ኹለት መቶ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ደመወዙ ባለበት ቆሞ ዋጋው ይኽን ያኽል ከወጣ፥ አሠሪው አንድ ፊደል ሳይጽፍ የዠማሪውን ደመወዝ ወደ ግማሽ አቅርቦ ቈርጦታል ማለት ነው።

ይኽም ሳይበቃ ወጣቱ ሲቀጠር በሚሰጠው ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ቍጥር ራሱ አሳሳች ነው። በዚያ አገር ልማድ የሚጻፈው ሠራተኛው በእጁ የሚቀበለው ሳይኾን፥ እርሱ ማኅበሩን በዓመት የሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው። ለምሳሌ ያኽል 360,000 ሩፒ ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ለዐሥራ ኹለት አካፍሎ በወር 30,000 አገኘኹ ብሎ ለወላጆቹ ይልካል። ነገር ግን አሠሪው ለሠራተኛው የቍጠባ ሣጥን የሚያዋጣው 1,800 ሩፒ ከዚያው ውስጥ ተቈጥሯል፤ ሠራተኛውም በበኩሉ ሌላ 1,800 ያዋጣል፤ ለስንብት ጊዜ ተብሎ 700 ሩፒ ያኽል ይያዛል፤ በባንጋሎር የሚኖር እንደ ኾነም ለካርናታካ ግዛት የሥራ ግብር 200 ሩፒ ይከፍላል። ይኽ ኹሉ ሲቀነስ የሚቀረው 25,000 ሩፒ ገደማ ነው። የቍጠባው መዋጮ ለኋላ ዘመኑ የሚጠቅመው ስለ ኾነ የሚነቀፍ አይደለም። የስንብቱ ገንዘብ ግን ቋሚው ሠራተኛ አምስት ዓመት ካላገለገለ የማይሰጥ ስለ ኾነ፥ በኹለትና በሦስት ዓመት ሥራ ለሚለውጠው ወጣት በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ሀብት ነው። ደግሞም ከደመወዙ አንዱን ክፍል «እንደ ሥራው ውጤት» ብለው እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚያቆዩ ማኅበሮች ብዙ ናቸው። በኦሪት ሕግ የምንደኛው ዋጋ ከጌታው ቤት እንዳያድር መከልከሉ፥ ድኻው የዚያን ቀን እራቱን ከዚያው ስለሚጠብቅ ነው፤ በዓመት ቀጠሮ የሚቆየውም ገንዘብ ለማኅበሩ ትንሽ የሒሳብ ነገር ሲኾን ለወጣቱ ግን የምሳው ዋጋ ነው።

አኹን ይኽ 25,000 ሩፒ የያዘ ሰው ቤት ይፈልግ። ባንጋሎር ውስጥ መሥሪያ ቤቶቹ በተሰበሰቡበት በኋይትፊልድና በኮራማንጋላ ወገን አንድ መኝታ ያለው ቤት ከ20,000 ሩፒ በታች ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ኪራዩስ ይኹን፤ ከኪራዩ የሚብሰው መያዣው ነው። በዚያች ከተማ ባለቤቱ ከተከራዩ የዐሥር ወር ኪራይ በመያዣ ስም ተቀብሎ ያለ ወለድ ማስቀመጥ የቈየ ልማድ ነው፤ ዛሬ በየስፍራው ቢለያይም ከአምስት እስከ ዐሥር ወር መጠየቅ አኹንም የተለመደ ነው። የ20,000 ሩፒ ቤት በዐሥር ወር ሲታሰብ 200,000 ሩፒ ይኾናል፤ ይኽም ያ ልጅ አንዲት ሩፒ ሳይበላበት ስምንት ወር ሠርቶ የሚያገኘው ነው። ገና ትናንት ከባቡር የወረደ ዠማሪ ይኽን ከወዴት ያመጣዋል? ወይ አባቱ ዳግመኛ ይበደራል፥ ወይም ልጁ ቤት መያዙን ትቶ ፔይንግ ጌስት ወደሚባለው ማደሪያ ይገባል። በዚያም ባንድ ክፍል ሦስት ወይም አራት ኾነው አልጋ ባልጋ ተጠግተው፥ የቀረበላቸውን ሩዝና ምስር በልተው ያድራሉ፤ በሴቶቹም ማደሪያ በሩ በማታ ባለቤቱ በወሰነው ሰዓት ይዘጋል። ገንዘቡም ቢኖረው ባለቤቱ ላላገባ ሰው አላከራይም፥ ወይም ሥጋ ለሚበላ፥ ወይም ለዚህ ሃይማኖት ሰው አላከራይም ሊለው ይችላል።

ባለቤቶቹን ኹሉ በስስት መክሰስ ግን እውነቱን ማጕደል ነው፤ የሚፈሩት ነገር አላቸውና። በሕንድ ፍርድ ቤቶች ሳይቈረጡ የቈዩት ጕዳዮች ከ50 ሚሊዮን በላይ ስለ ኾኑ፥ አልወጣም ያለውን ተከራይ በፍርድ አስወጣለኹ ማለት ዓመታት መጠበቅ ነው። የኪራዩም ውል ብዙውን ጊዜ የ11 ወር ኾኖ የሚጻፈው፥ በ1908 የወጣው የመዝገብ ሕግ የዓመት ኪራይ በመንግሥት መዝገብ እንዲገባ ስለሚያዝ ነው። የቦምባይም ታሪክ ባለቤቶቹን አስተምሯቸዋል። በ1947 በቦምባይ የወጣው የኪራይ ሕግ ኪራዩን በመስከረም 1940 በነበረበት ላይ አቁሞት ስለ ነበር፥ ዛሬም በከተማይቱ እምብርት በድሮ ውል ጥቂት መቶ ሩፒ እየከፈሉ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ባለቤቱ ከጥቂት መቶ ሩፒ ላይ ጣራ አያድስም፤ ስለዚህ ሕንፃው ያረጃል፥ በክረምትም የሚፈርስ አለ። ሕጉ በ1999 ተለውጦ በዓመት መቶኛው 4 እንዲጨመር ተፈቀደ እንጂ የቀድሞው ነገር አልተነቀለም። ድኻን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ቀድሞ የገባውን ጠብቆ፥ ኋላ የመጣውን ከበር አስቀረው። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራም በሕንድ ከተሞች ከ11 ሚሊዮን የሚበልጡ ባዶ ቤቶች ተገኝተዋል፤ ባለቤቱ ለማከራየት ፈርቶ ይዘጋዋል፥ ወጣቱ ደግሞ ከደጅ ይቀራል።

ቦምባይ፥ በአኹኑ ስሟ ሙምባይ፥ በመሬት ጥበት ምክንያት ኪራይዋ ከባንጋሎር ይበልጣል። በዚያ ያለው ወጣት ርካሽ ቤት ሲሻ እስከ ቪራር ይርቃል፤ ከዚያም 60 ኪሎ ሜትር ያኽል በባቡር ቆሞና ተጣብቆ እስከ ቸርችጌት ይወርዳል። ስለዚህ ከኪራዩ ያተረፈውን በሰዓቱና በጕልበቱ ይከፍላል። በባንጋሎርም በየካቲት 2025 የከተማው ባቡር ከፍተኛው ዋጋ ከ60 ወደ 90 ሩፒ ወጥቷል። በመጋቢት 2024 የጕድጓዶቹ ውሃ ደርቆ ሰው በቦቴ የመጣ ውሃ በገዛበት ጊዜም፥ የውሃው ዋጋ ከኪራዩ በላይ የተጨመረ ዕዳ ኾነ፤ ያች ከተማ የካቬሪን ውሃ የምትጠጣው መቶ ኪሎ ሜትር ያኽል አስመጥታ ነውና።

ሽማግሌዎች ግን ይገሥጻሉ። የዛሬ ልጅ ምግቡን በስልክ እያዘዘ፥ በየሳምንቱ ከቡና ቤት እየተቀመጠ ደመወዝ አነሰኝ ይላል ይላሉ። ከኢንፎሲስ መሥራቾች አንዱ የኾኑት ናራያና መርቲም በ2023 በጥቅምት ወር ወጣቶች በሳምንት 70 ሰዓት ይሥሩ ብለው መክረው ነበር። ከወጣቶቹ መካከል አባካኝ የለም ማለት አይቻልም። ኾኖም የ25,000 ሩፒ ሰው ለአልጋና ለምግብ 10,000 ከከፈለ፥ የትምህርት ብድሩን ለባንክ ከመለሰ፥ ለወላጆቹና ለታናሽ እኅቱ ከላከ በኋላ የሚያባክነው ምን ያኽል ነው? ሰባ ሰዓት ሥራ የተባለውም ምክር የሚሰማ የሚኾነው የሰባ ሰዓት ዋጋ አብሮ ሲነገር ነው፤ ሰዓቱ የዛሬ፥ ደመወዙ የ2010 ከኾነ ግን ምክሩ ለአሠሪው እንጂ ለአገር አልጠቀመም።

አሠሪዎቹም የሚሉት አላቸው። በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጣው መሐንዲስ እጅግ ብዙ ነው፤ ከእነርሱም የሚበዙት ለሥራው ያልደረሱ ስለ ኾኑ ማኅበሩ ወራት አስተምሮ ያበቃቸዋል፤ ብልኆቹም ከጥቂት ዓመት በኋላ ደመወዛቸው እጥፍና ከእጥፍ በላይ ይኾናል ይላሉ። ይኽ እውነት ነው። ደግሞም የማደሪያውን ወለል የምትጠርገዋ ሴትና በበሩ የቆመው ዘበኛ ከዚያ ልጅ እጅግ ያነሰ እንደሚያገኙ መዘንጋት አይገባም። ዳሩ ግን የኋለኛው ዘመን ተስፋ የዛሬን ኪራይ አይከፍልም፤ ፈላጊ በዝቷል ማለትም ደመወዙ የቆመበትን ምክንያት ይገልጻል እንጂ የሚገባ መኾኑን አያስረዳም።

ሕንድ ለዚህ መድኃኒቱን ሳታውቀው የቀረች አይደለችም። የመንግሥቱ ሠራተኛ ከኹለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዠምሮ የውድነት መደጐሚያ ያገኛል፤ ይኽም በዓመት ኹለት ጊዜ የገበያው ዋጋ እየታየ ይሻሻላል። ከዚህም በላይ የደመወዝ ጉባኤ በየጊዜው ይቆማል፤ ሰባተኛው ጉባኤ ከጥር 2016 ዠምሮ ዝቅተኛውን የመንግሥት ደመወዝ ከ7,000 ወደ 18,000 ሩፒ አንሥቶታል። በሲቪል ሰርቪስ ፈተና ለአንድ ሺሕ ያኽል ስፍራ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው መመዝገቡ ሹመት ከመፈለግ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ገበያው ሲወጣ ደመወዙ አብሮ የሚወጣ ሥራ ሌላ ስለሌለ ነው። በየካቲት 2025 በዓመት እስከ 1,200,000 ሩፒ ለሚያገኝ ሰው የገቢ ግብር እንዲቀርለት መደረጉም መልካም ነገር ነበር፤ ነገር ግን የ360,000 ሩፒው ዠማሪ ቀድሞም ያን ግብር አይከፍልም ነበርና ከዚህ ምሕረት የደረሰው የለም።

ስለዚህ ለዠማሪው የሚቀርበው መድኃኒት ከግብር ይልቅ ከደብዳቤውና ከመያዣው ላይ ነው። በኅዳር 21 ቀን 2025 ሥራ ላይ የዋለው የሠራተኞች ሕግ ለሠራተኛ ኹሉ የቅጥር ደብዳቤ እንዲሰጠው፥ መነሻ ደመወዙም ከጠቅላላው ከግማሽ እንዳያንስ ያዛል፤ እንግዲህ በዚያው ደብዳቤ ላይ በየወሩ በእጁ የሚገባው ገንዘብ በግልጽ እንዲጻፍ ማዘዝ ለማንም ከባድ አይኾንም። የዠማሪውም ደመወዝ የመንግሥቱ መደጐሚያ በሚሻሻልበት በዚያው ቍጥር በየዓመቱ ቢታይ፥ ማኅበሮቹ ዐሥር ዓመት ያቈዩት ዕዳ ቀስ በቀስ ይቃለላል። መያዣውን በሚመለከት በሰኔ 2021 የሕንድ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የኪራይ ሕግ ምሳሌ ለመኖሪያ ቤት ከኹለት ወር ኪራይ በላይ መያዣ እንዳይወሰድ፥ የባለቤቱና የተከራዩ ክርክርም በልዩ ችሎት ፈጥኖ እንዲቈረጥ ይላል። ይኽም ተከራዩን ከመያዣው፥ ባለቤቱን ከፍርድ ቤት ጥበቃው የሚያሳርፍ ነው። ነገር ግን ኪራይ የግዛቶቹ ሥልጣን ስለ ኾነ እያንዳንዱ ግዛት ራሱ ካላወጣው ሕጉ ምሳሌ ብቻ ኾኖ ይቀራል፤ ዠማሪዎቹ የሚበዙባት ካርናታካ ከኹሉ ቀድማ ልትቀበለው በተገባ ነበር። ስትቀበለውም በባንጋሎር ተከራይ ሲወጣ «ለቀለም» እየተባለ ከመያዣው የሚቈረጠውን የአንድ ወር ኪራይ አብራ ልትመለከተው ይገባል፤ በየ11 ወሩ ቤት ለሚለውጥ ልጅ ያ ቀለም በየዓመቱ የሚከፈል ሌላ ኪራይ ነውና።