አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በምግብ አዳራሹ የምንሰማው ክርክር ሁለት ነው፤ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ይሰናበት ወይስ ይቆይ? ክለባችንስ ማንን ያስፈርም? እኛ ግን ክርክሩ ሥሩን ስቷል እንላለን።

ሰውነት ቢሻው ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁት፤ በ2006 ተሰናበቱ። ውበቱ አባተ በ2014 ለዚያው መድረክ አደረሱት፤ በ2015 ተለያዩ። ስንብት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በዳንን ነበር።

በጥር 1954 ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን ያነሣነው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ግን «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የራሳችን ሜዳዎች የአፍሪካን መመዘኛ አላሟሉምና። ለዚህም የሚጠየቀው አሠልጣኙ ነውን?

ዝውውርስ? ክለቦች ያደገውን ተጫዋች ሲሻሙ ገንዘቡ ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል እንጂ አንድ አዲስ ተጫዋች አይፈራም። ከዚያ ገንዘብ ሲሶው ለታዳጊዎች ሜዳና ለአሠልጣኞቻቸው ይዋል።

«ውጤት ያጣ ይሂድ» የሚሉን አሉ። ይሂድ፤ ተተኪውም በዚያው ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ማን ይምጣ?» ማለቱን ትተን «ሜዳው የት አለ?» ብለን በአንድ ድምፅ እንጠይቅ።