አለቃን በጎልፍ ሜዳ

ዛሬ የፍቅር ጭቅጭቁን ለአንድ ሳምንት እናቆየውና ስለ ጎልፍ እናውጋ። «ደግሞ እኛንና ጎልፍን ምን አገናኘን?» እንዳትሉኝ። ስሟ እንዲቆይላት የጠየቀች አንባቢያችን ደብዳቤ አገናኝቶናል። እነሆ፦

«ሥራ ከያዝኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። በሚቀጥለው ወር ለሥልጠና ናይሮቢ እንሄዳለን። ቅዳሜና እሁዱን ደግሞ ናይቫሻ የሚባል ቦታ አድረን ጎልፍ እንጫወታለን ተብሏል። አለቃችን ‹ማንም አይገደድም› ብለዋል፤ ግን የሚቀረው ሰው ስም እየተመዘገበ ነው። እኔ እንኳን ጎልፍ ገመድ መዝለልም አይሆንልኝ! በሰው ፊት ከምዋረድ ‹አሞኛል› ብዬ ናይሮቢ ብቀርስ? ማታ ማታ መጠጥ አለ መባሉም አሳስቦኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ ሂጂ! በ2016 ዓ.ም. እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋር እዚያው ናይቫሻ ሄጄ ነበርና፣ የማወራሽ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ናይቫሻ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሐይቁ የእኛዎቹ ላንጋኖና ሐዋሳ ካሉበት ከዚያው ከስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ጎልፉን ወደ ኬንያ ያመጡት ድሮ ነው፤ ናይሮቢ ውስጥ በ1906 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ክለብ አለ። ስለዚህ ለእነሱ ብርቅ አይደለም። ለእኛ ግን…

እኛ አሥራ ሁለት ነበርን። ከአሥራ ሁለታችን የጎልፍ ዱላ በእጁ ነክቶ የሚያውቅ አንድም የለ። አሠልጣኙ ለየአንዳንዳችን ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ዱላ ሰጠንና «ዓይናችሁን ከኳሷ ላይ አትንቀሉ፣ ጉልበት አታብዙ» አለን። ማን ሰምቶት! ገና ሲጫወት ያደገ አንድ የመንዝ ልጅ አለን። ዱላውን እንደ ገና ዱላ ጨብጦ ቢሰነዝረው ግማሽ መደብ የሚሆን ሣር ገነጠለ። ኳሷ እዚያው ናት።

ቀጥሎ የአለቃችን ተራ ደረሰ። ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰነዘሩ… አየር! ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። ደገሙ። አሁንም አየር! እንግዲህ ማን ይሳቅ? ሁላችንም ሐይቁን አዲስ እንዳየ ሰው ፊታችንን ወደዚያ አዞርን። ታዲያላችሁ ከሒሳብ ክፍል የመጣችው ባልደረባችን ዝምታውን ሰበረችው። «ጋሼ፣ ይቺ ኳስ ባለጌ ናት! እርስዎን እያየች ከመቀመጫዋ አልነሣም አለች!» አለቻቸው። ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው። ዕንባቸው እስኪወርድ! ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልፈራ።

አባቶቻችን በገና ጨዋታ ላይ ጌታ እንደማይቆጣ ነግረውናል። ሎሌው ጌታውን በቀልድ የሚወጋበት አንድ ቀን ነበረው ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት ሽርሽርም ጥሩ ከሆነ እንዲሁ ነው። የልጅቷን ቀልድ ግን ልብ በዪ። የተሳደበችው ኳሷን እንጂ ሰውየውን አይደለም!

አንቺ «እዋረዳለሁ» ያልሽው ለዚህ ነው ትንሽ ያሳቀኝ። ሁሉም በማያውቀው ነገር ማን በማን ላይ ይስቃል? ቢሮ ውስጥ እሳቸው ሃያ ዓመት ይቀድሙሻል፤ ሣሩ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቀድሙሽም። ምናልባት አለቃሽ ሲስቱ የሚቆጡ፣ በሌላው መሳት ግን የሚስቁ ዓይነት ሆነው ቢገኙስ? እሱንም ማወቅ ትርፍ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከምትደርሺበት በሦስተኛው ወር ብታውቂው ይሻልሻል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሙሉው ጨዋታ 18 ቀዳዳ ነው፤ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለጀማሪ ሦስቱ ይበቃል። ቀዳዳዋ 10.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ትሰፋለች፣ አሸናፊውም በትንሽ ምት የጨረሰ ነው። ዋናው ነገር ይሄውልሽ፦ ብዙውን ጊዜ ዳኛ አጠገብሽ ቆሞ ፊሽካ አይነፋም። ምትሽን ራስሽ ቆጥረሽ ትናገሪያለሽ። ለመምታት ሰንዝረሽ ብትስቺም ይቆጠራል።

ከእኛ መካከል አንዱ ዘጠኝ ጊዜ መትቶ «ስድስት» ብሎ አስመዘገበ። ሁላችንም አይተናል። ማንም አልተናገረም፤ ተሳቀ፣ ታለፈ። ሰኞ ቢሮ ስንገባ ግን እሱ ያመጣውን የነዳጅ ደረሰኝ ሒሳብ ክፍሏ ሁለት ጊዜ ደመረችው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አድርጋው አታውቅም። በሦስት ምት ሰውን መጠርጠር ፍርደ ገምድልነት ነው ትዪኝ ይሆናል፤ እኔም ልክ ነው አልልም። ሆኖም የሚሆነው ይሄ ነው። ስለዚህ አሥራ አምስትም ብትመቺ «አሥራ አምስት» በዪ። እየሳቅሽ!

ለጉዞሽ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ፦

አለባበስ። ብዙ ቦታ ጂንስ አያስገቡም። ኮሌታ ያለው ቲሸርት፣ ልል ሱሪና ጠፍጣፋ ስኒከር ይበቃሻል። ማታ ስለሚበርድ ሹራብ ያዢ። ዱላ አትግዢ፤ እዚያው ይከራያል።

ሥርዓት። ሌላው ሊመታ ሲዘጋጅ ዝም በዪ፣ ከኋላውም አትቁሚ። «ፎር!» የሚል ጩኸት ከሰማሽ ኳስ ወደ አንቺ እየመጣ ነውና ጭንቅላትሽን በእጅሽ ሸፍኚ። ዱላ የሚሸከሙልሽ ካዲዎች ጨዋታውን ከአለቃሽ በላይ ያውቁታል፤ ጠይቂያቸው፣ ጉርሻቸውንም አትርሺ።

ወሬ። የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ በሣር ላይ አይቀርብም። የሌለ ባልደረባም ሥጋው አይበላም።

ማታ። እህቴ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ክፍልሽን ከሴት ባልደረባሽ ጋር ያዢ። የምታድሪበትን ቦታ ስምና ስልክ ለቤተሰብሽ ትተሽ ሂጂ። «አልጠጣም» ካልሽ ምክንያት መደርደር የለብሽም፤ ለስላሳሽን ይዘሽ ተጫወቺ። አለቃም ይሁን ሌላ «ለብቻችን በሐይቁ ዳር እንዘዋወር» ቢልሽ ጉማሬ እፈራለሁ በዪ። ውሸትም አይደለም! የናይቫሻ ጉማሬዎች ማታ ማታ ሣር ሊግጡ ይወጣሉ። ሰውየው ደግሞ ከጉማሬው ባሰ ካልሽ፣ በግልጽ «አይሆንም» ብለሽ ጓደኛሽን ጥሪ። የሆነውንም ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ ያዢው።

በእርግጥ መሄድ የማያስችልሽ ምክንያት ካለሽ አስቀድመሽ በደብዳቤ አሳውቂ። «አሞኛል» የምትለዋን ግን ተያት። ውሸቷ ብትታወቅ ኳስ ከመሳት ይልቅ እሷ ታሳፍራለች።

ስትመለሺ ስንት ምት እንደመታሽ ጻፊልኝ፤ እኔ ደረሰኝ አልጠይቅም!

ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!