የእድር አዳራሽ ለጠጪውም ይከፈት

መጠጥ ለመተው የሚታገል ሰው አረቄ ቤቱን ሳይጠይቅ ያገኘዋል፤ እንደ እሱ የሚታገሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ግን ቢጠይቅም የሚነግረው ብዙ የለም። እኛም ነገሩን በሰውየው ልፍስፍስነት እናሳብባለን። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ የተጀመረው፣ ከመጠጥ ጋር የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስብሰባ የአባልነት ክፍያ የለውም፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ይበቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ታካሚን በሥርዓት ወደ እነዚህ ስብሰባዎች የሚመራ ሕክምና ጨርሶ ከመጠጥ በማራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

«ገበናን አደባባይ ማውጣት ነው» የሚል አይጠፋም። የጠጪውን ገበና ግን ሰፈሩ ቀድሞ ያውቀዋል (ያላወቀ የሚመስለው ራሱ ብቻ ነው)፤ በስብሰባው የተነገረ ደግሞ እዚያው ይቀራል። ጸበል ይበቃል ለሚሉም፣ ጸበል የሚጠመቅን ሰው ከስብሰባ የሚከለክለው ነገር የለም። ክብደት ያለው ተቃውሞ የሐኪሞች ነው፤ ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል ሕመም ሊነሣበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላልና አስቀድሞ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ስብሰባው ከዚያ በኋላ ላሉት ረጅም ወራት ነው። ለዚህም አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አዳራሽ ያለው እድር በሳምንት አንድ ምሽት ወንበሮቹን ቢያውስ፣ ሰዓቱም በጤና ጣቢያው በር ላይ ቢለጠፍ ለመጀመር ይበቃል።