የቻይናው ሥር እና የሰዓቱ ዋጋ

ሐረር ላይ ከርቤና ጥቁር አዝሙድ ለመድኃኒት የሚገዛ ሰው ብርቅ አይደለም። ስለዚህ «የቻይና ሥር ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ያድናል» የሚል ወሬ ጀጎል ሲገባ ለማመን ብዙም አንቸገርም።

እኔም ዕፅዋትን አልንቅም። ቱ ዩዩ ከጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ ባገኘችው ፍንጭ ለወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒን አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልማለች። የእኛው አክሊሉ ለማም በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ የብልሃርዚያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት ልብስ የሚታጠብበትን ወንዝ አይተው ነው። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ተፈትነው ነው የታመኑት።

የጭንቅላት ጉዳት ደግሞ ስንቱን ተስፋ ያከሸፈ ነው። ሐኪሞች ለዓመታት ኮርቲኮስቴሮይድ ይሰጡ ነበር። ክራሽ የተባለው ጥናት 10 ሺህ ያህል ተጎጂዎችን ሲያወዳድር ግን መድኃኒቱ ሞትን እንደሚጨምር በ2004 ታወቀ። ፕሮጄስትሮንም ቻይና ውስጥ የተሠራውን ጨምሮ በትንንሽ ጥናቶች ሲመሰገን ቆይቶ፣ በ2014 ይፋ የሆኑ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ጥቅም አላገኙበትም። ታዲያ መጠኑ እንኳን ያልታወቀ ሥር ላይ በምን እንተማመን?

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል እንጂ! ዳንሼን የሚባለው የቻይና ሥር ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ደምን ከልክ በላይ እንደሚያቀጥን ተመዝግቧል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ላለ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽም ሳንባ ሊገባ ይችላል።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ዋጋን በብር ብቻ አልቆጥርም። እዚህ ላይ ውዱ ነገር ሰዓት ነው። በ2019 የታተመው ክራሽ 3 ትራኔክሳሚክ አሲድ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ካላቸው ሰዎች የሚሞቱትን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በከባዱ ጉዳት ላይ ግን ግልጽ ጥቅም አልታየም። ሥር ፍለጋ የሚባክነው ይሄው ሰዓት ነው። ሕይወት ፋና ሆስፒታል እዚሁ ሐረር ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ገበያውም ይህንን ብቻውን አያስተካክለውም። ማንም ቆፍሮ ሊሸጠው ለሚችል ሥር ውድ ጥናት የሚከፍል ነጋዴ አይገኝም፤ ሻጩም ያለ ማስረጃ ከተሸጠለት ለምን ይደክማል? ፍተሻው የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው። እስከዚያው ከአንድ ጠርሙስ የቻይና መድኃኒት በፊት ለአምቡላንስ፣ ለሲቲ ስካን እና ለነርቭ ቀዶ ሐኪም እንጩህ። የተጎዳውም ሰው መጀመሪያ ሆስፒታል ይድረስ።