«አዎ» ያለ ሁሉ ተሳፋሪ ነው?

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ከሸጎሌ በከተማ አውቶቡስ የሚመላለሱ ሰዎች በመጠበቅ ስለሚያጠፉት ጊዜ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን እኔም መጠይቁን በጎግል ፎርም አዘጋጅቼ ሊንኩን በቴሌግራም በተንኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሸጎሌ በአውቶቡስ ይጓዛሉ?» የሚል ነው። «አይ» ያለ ይሰናበታል፣ «አዎ» ያለ ይቀጥላል። ሞልተው ለጨረሱ ደግሞ በዕጣ የሞባይል ካርድ እንደምሰጥ ጽፌአለሁ።

በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ደወለች። «ሞልቼልሃለሁ፤ ለጓደኞቼም ልኬዋለሁ» አለችኝ። ልጅቷ ሸጎሌን በዓይኗ አይታ አታውቅም። «እንዴት ገባሽ?» ብላት ሳቀች። «መጀመሪያ አይ ብዬ ነበር፤ አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋብኝ። ተመለስኩና አዎ አልኩት።»

እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እሷ ልትረዳኝ ነው የፈለገችው። ጥፋቱ ማለፊያውን በር ላይ የለጠፍኩት የእኔ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 የፈለገ ሰው በሚሞላው የኦንላይን መጠይቅ ላይ «በኒውክሌር የሚሠራ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የማንቀሳቀስ ፈቃድ አለዎት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ዕድሜያቸው ከ30 በታች ከሆኑት መላሾች 12 በመቶው «አዎ» አሉ! እንዲህ ያለ ፈቃድ ያለው ሰው ግን ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ዜሮ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ከአገራችን ማግኘት እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለቃለ መጠይቅ የሚፈለጉት ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑት ነበሩ። ጠያቂዎቹ ግን በቅድሚያ የቤቱን ነዋሪዎችና ማታ እዚያ ያደሩ እንግዶችን ሁሉ ከነዕድሜያቸው ይመዘግባሉ። ማን እንደሚጠየቅ የሚለየው ከዚያ መዝገብ ነው። ማለፊያው በጠያቂው እጅ እንጂ በጥያቄው ውስጥ የለም።

እኛም ይህን ማድረግ አያቅተንም። «ተሳፋሪ ነዎት?» ከማለት «ባለፉት ሰባት ቀናት በምን ተጓዙ?» ብሎ ታክሲውን፣ አውቶቡሱን፣ የራስ መኪናውን፣ የእግሩን መደርደር። ቀጥሎ «ብዙ ጊዜ የሚሳፈሩት ከየት ነው?» ብሎ ሸጎሌን ከአስኮ፣ ከዊንጌትና ከመርካቶ ጋር መደባለቅ። የማይመለከተውንም ሰው ሁለት ሦስት ቀላል ጥያቄ ጠይቆ፣ ዕጣውም ውስጥ አስገብቶ በምስጋና መሸኘት። እንዲህ ከሆነ ተመልሶ መልሱን የሚቀይርበት ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የደረሰብኝን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ተዋቸው ባክህ፤ 385 ከየት ልታመጣ ነው?» አሉኝ። ይቺ 385 የምትባል ቁጥር ስንቶቻችንን አስጨንቃለች! ነገር ግን ቀመሩ የሚፈልገው 385 ተሳፋሪ እንጂ 385 ዘመድ አይደለም። ማን ማን እንደሆነ መለየት ስላልቻልኩ የመጀመሪያውን ምላሽ በሙሉ ጣልኩት። ከዚያ ወረቀቴን ይዤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሸጎሌ ሰልፉ ላይ ቆምኩ። አንድ ወር ዘገየሁ፤ 385ም አልሞላልኝም። ያገኘኋቸው ግን አውቶቡስ ሲጠብቁ ያየኋቸው ሰዎች ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ደንብ መልሱን ሳናይ መጻፍ አለበት። ካየን በኋላ ካወጣነው ያልጣመንን መልስ «አይመለከተውም» እያልን መጣል ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ከአክስቴ ልጅ ስህተት የባሰ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን መምህራን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በኦንላይን መጠይቅ የሚሠራ ጽሑፍ ሁሉ በምዕራፍ ሦስት ላይ ስንት ሰው እንደሞላ፣ ስንቱ እንደተቀነሰና በየትኛው ደንብ እንደተቀነሰ እንዲጽፍ ይደረግ። «የተቀነሰ የለም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ካለ ሲከላከል የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሁን።